የነኢማ ሁለት ውሸት

ነኢማ ሁለት ውሸት አላት። አንዱ ለአማርኛ ወረቀት ነው፣ አንዱ ለኦሮምኛ ወረቀት። ሰው በፊደል የተጻፈ ነገር ሲሰጣት «እኔ እኮ በቁቤ ነው የተማርኩት» ትላለች። በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ የተጻፈ ሲመጣ ደግሞ «ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ሆኜ በአማርኛ ነው የተማርኩት» ትላለች። ከሚሴ ላይ ይሄ ውሸት በደንብ ይሠራል። ግማሹ ሰው በዚህ ተምሯል፣ ግማሹ በዚያ፣ ስለዚህ ማንም አይገርመውም። ወረቀቱን ይቀበላትና ራሱ ያነብላታል። አለቀ።

እውነቱ ግን በሁለቱም አታነብም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ብታሳዩዋት ታውቃቸዋለች። ችግሩ ሲሰበሰቡ ነው። መስመሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ቃል ጠፍቶባታል፤ ተመልሳ ስትፈልገው ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቃታል። አስተማሪዎቿ ሰነፍ ናት አሉ። እናቷ ዘይናም አመነቻቸውና ስንት አርጩሜ ሰበረችባት። ታዲያ አሥራ ሁለተኛን እንዴት ጨረሰች? በጆሮዋ። አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ቁርአን ቤትም ኡስታዙ ሲቀራ ሰምታ ነው የያዘችው፣ አንድም ቀን ጣቷን መስመሩ ላይ በትክክል አስቀምጣ አታውቅም።

አምና ጓደኛዋ ሰሊማ ቲክቶክ ላይ አንዲት ሴትዮ ስለ ዲስሌክሲያ፣ ፊደል እያወቁ ማንበብ ስለሚያቅት ችግር፣ ስታወራ አይታ ስልኳን ይዛ ሮጣ መጣች። ነኢማ ቪዲዮውን አራት ጊዜ አየችው። ስም እንዳለው ማወቅ ደስ ይላል። ግን ስሙን ይዛ ማን ጋ ትሄዳለች?

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። እነነኢማ ጨፋ ላይ፣ ከቦርከና የተጠለፈው ቦይ ጭራ ላይ፣ ትንሽ የሽንኩርት ማሳ አላቸው። በቦዩ ሃያ ሁለት ቤተሰብ ያጠጣል። ተራው ከላይ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭራው ጋ ሲደርስ ግን ውሃ የለም። ለምን ቢሉ፣ ላይ ያሉት ማሳቸውን ካጠጡ በኋላ ቦዩ ደለል ቢሞላ፣ አንዱ ጥሶ ቢወስደው ምን ገዷቸው። ዘንድሮ እነነኢማን ሁለት ተራ አልፏቸዋል። ሽንኩርቱ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ ከሳምንት በላይ አይቆይም። ዘይና በየቀኑ ሄዳ አይታው ትመለሳለች።

ነኢማ ሐሳብ አላት። ተራው ከታች ይጀምር። ከታች ከጀመረ፣ ታች ያለው ሳያጠጣ ላይ ያሉት ተራቸው ስለማይደርስ ቦዩን ራሳቸው ይጠርጉታል፣ ራሳቸው ይጠብቁታል። ለሰሊማ ስትነግራት ሰሊማ አፏን ከፍታ ቀረች።

«እሁድ ስብሰባ አለ አይደል፣ ተናገሪዋ።»

«ሐሳብ ያለው ጽፎ ያምጣና ያንብብ ነው እኮ ያለው ዲኤው።» ዲኤ የሚሉት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ነው። ሪድዋን ይባላል፣ ወረቀት ካልያዘ ጤና የማይሰማው ልጅ።

«እኔ እጽፍልሻለሁ። አንቺ ሸምድጂውና ያነበብሽ ምሰይ።»

እንደዚያው ሆነ። እሁድ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሰዉ ቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰበ። የውሃ አባቱ ሼህ እንድሪስ፣ ተራ የሚመድቡትና ሲጣሉ የሚያስታርቁት ሽማግሌ፣ ዱአ አደረጉ። ነኢማ ተነሳች። ወረቀቱን ፊቷ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ከግራ ወደ ቀኝ እየነዳች፣ አንድ ቃል ሳትስት ወረደችው። ዘይና ሴቶቹ መሀል ቀና ብላ ተቀመጠች። ልጇ እንዲህ ስታነብ ሰምታ አታውቅም።

«ጥሩ ነው» አለ ሪድዋን። «ከመተዳደሪያ ደንቡ ጋር እንዳይጋጭ ብቻ። እስቲ ቆመሽ እያለሽ አንቀጽ ሰባትን አንብቢልን።» ብሎ ደንቡን ሰጣት።

ነኢማ ወረቀቱን አየችው። ወረቀቱም አያት። አፏ ከልምዱ የተነሳ ቀደማት።

«እኔ እኮ በቁቤ ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ አሁን ያነበብሽው በምን ነበር?» አለ ሪድዋን። ለማሳፈር አልነበረም፣ ግራ ገብቶት ነው። «ለነገሩ የቁቤውም አለ፣ ይኸው።»

ወፍጮ ቤት ያለው በድሩ ከኋላ ሳቀ። «ለኔ ደግሞ ባለፈው ወር ኮምቦልቻ በአማርኛ ተማርኩ ብላኛለች። ቆይ፣ ይቺ ልጅ በየት በየት ነው የተማረችው?»

ሰዉ ሳቀ። ነኢማ በሁለት እጇ ሁለት ወረቀት ይዛ ቆማለች። ጆሮዋ እንደ በርበሬ ነደደ። ሦስተኛ ውሸት ፈለገች፣ የለም።

«አላነብም» አለች።

«የቱን?»

«ሁለቱንም። ይሄንንም ሰሊማ ናት የጻፈችልኝ።»

ዘይና የሻሿን ጫፍ ፊቷ ላይ ጎተተች። ነኢማን ያቃጠላት የሰዉ ሳቅ አይደለም፣ ያቺ የሻሽ ጫፍ ናት። በዚያ ላይ ሙሀመድኑር ተነሳ፤ ማሳው ቦዩ አናት ላይ ነው፣ ተራው ቢገለበጥ የመጨረሻው እሱ ነው።

«እንግዲህ ሐሳቡም የሰሊማ ነው ማለት ነው። ሰሊማ ደግሞ እዚህ ማሳ የላትም። በሉ ወደ ሌላው እንለፍ።»

«እጁ ነው የኔ፣ ሐሳቡ የሷ ነው» አለች ሰሊማ። ማን ይስማት። ሪድዋን እስክሪብቶውን አንስቶ ሐሳቧን ከቃለ ጉባኤው ሊሰርዘው ነው። ነኢማ አየችው። መቀመጥ ትችል ነበር። ግን ከተቀመጠች የጭንቅላቷም ነገር አብሮ ይሰረዛል፣ ሽንኩርቱም ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን ብሎ ይሰማታል?

«ሼህ፣ ያለ ወረቀት ልናገረው?»

ሼህ እንድሪስ ጺማቸውን ያዙ። «ዱበዹ፣ ኢንተለ ኮ። ተናገሪ ልጄ።»

ጀመረች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጠፋባት፣ ሰሊማ የጻፈችው ብን ብሎ ሄደ። አንዱ «ጮክ በይ» አላት። ከዚያ ቦዩን በእጇ አሳየች። አያ በድሩ ማሳ ጋ ያለው እጥፋት ደለል ይዟል፣ ከረመዳን ወዲህ ማንም አልነካውም፣ ምክንያቱም በድሩ ሁሌ ቀድሞ ያጠጣል አለች። ከታች ቢጀመር ግን ያንን ደለል ነገውኑ እሱ ራሱ ያወጣዋል። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ እየተንተባተበች፣ አንዱን ሁለቴ እየደገመች። እንደ ቅድሙ አላማረም።

«ስም ዝርዝሩ የተጻፈው ከላይ ወደ ታች ነው» አለ ሪድዋን። «እንደገና መጻፍ አለበት፣ ወረዳም መሄድ አለበት።»

«ጻፈው፣ ልንገርህ» አለች ነኢማ። ከጭራው ጀምራ የእናቷን ስም ጠራች፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን። ሪድዋን እየተከተለ ይጽፋል። ሃያ አንድ ጠርታ ቆመች።

«የኔን ረሳሽው» አለ በድሩ። «ለሳቁ ነው አይደል?»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። አሁን የሚስቁት በማን እንደሆነ ነኢማ አላወቀችም። የበድሩን ስም እውነትም ረስታዋለች።

ሼህ እንድሪስ ቦዩን ከላይ እስከ ታች አዩት። በመጨረሻ «አንድ ዙር» አሉ። «ለሙከራ። ነገ ንጋት ላይ፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ከታች ይጀመራል። ካልሆነ እንደ ድሮው።»

ሰዉ ተበተነ። ዘይና ልጇ አጠገብ መጥታ ቆመች። ሻሿን አውርዳለች።

«ያን ሁሉ ዓመት» አለች። «ሰነፍ ነሽ እያልኩ ስመታሽ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አለች ነኢማ።

ሙሀመድኑር አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በአጠገባቸው አለፈ። ጥቂት ሄዶ ዞረ።

«ነገ ውሃው ጭራ ካልደረሰ ማንበብ የማትችል ልጅ ሰምተን ነው እላለሁ። ለሰው ሁሉ ነው የምናገረው።»

ነኢማ ቀና ብላ አየችው።

«ይበሉ፣ አያ ሙሀመድኑር» አለች። «ከደረሰም እንደዚሁ ብለው ይናገሩ።»