ሀሰንን የዘለልኩ ዕለት

ወንድሜ ሓየሎም ለሽምግልናው ከአክሱም መጣና ገና ሳይቀመጥ፣ «ሰባት ቤት ይቆጠር» አለ።

«ለፈረንጅ?» አልኩት። «ማርቲን እኮ የካናዳ ሰው ነው። እኛ ከካናዳ ምን ዘመድ አለን?»

«ሓፍተይ፣ ወግ ወግ ነው። ዘሩን የማያውቅ ሰው የእኛን ልጅ አያገባም።»

ባሌ ኤርሚያስ ከሞተ ወዲህ የልጄ የኣሪያም አባት ሓየሎም ነው፤ ያለ እሱ ምርቃት ሰርግ የለም። እኔማ ሳቄ መጣ። ፈረንጅ ከአያቱ በላይ የት ያውቃል ብዬ! ኣሪያምን ወደ ጓዳ ጎትቼ፣ «ዛሬ እጮኛሽ ጉድ ፈላበት» አልኳት።

ማርቲን ተነሣ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ሽቅብ ወጣ። ወንዶቹ ሁሉ ሲጠመቁ ዮሴፍ፣ ሴቶቹ ማርያም ይባሉ ነበር አለ። ሴቶቹ ባል ቢያገቡም በአባታቸው ስም ይጻፉ ነበር ሲል ደግሞ ሓየሎም፣ «እንደኛ!» ብሎ ጮኸ። ሰባቱን አልፎ በመርከብ ከፈረንሳይ ወደ ካናዳ ከሄደው ወታደር ደረሰ። ለወታደሩ ጓደኞቹ ቅጽል ስም አወጡለት፤ ከልጆቹ ገሚሱ ቅጽሉን፣ ገሚሱ የጥንቱን ስም ያዙና ወንድማማቾች እንደ ባዕድ ተራራቁ።

«ከልጆቹ አንዱ የአገሬውን ሰው ልጅ ገዝቶ በባርነት ያሠራ ነበር» አለ ማርቲን ፊቱ ቀልቶ። «በጣም ያሳፍረኛል። ግን አባቴ ነው፤ እቆጥረዋለሁ።»

«ጎበዝ!» አለ ሓየሎም። «በሉ የእኛን ደግሞ። ኣስካል፣ በኤርሚያስ በኩል ቁጠሪ።»

ክው አልኩ። እኔና ኤርሚያስ በማዘጋጃ ቤት ነው የተጋባነው፤ ዘር የጠየቀን አልነበረም። ኤርሚያስ የወሎ ልጅ ነው። አያቱ ሀሰን ሙስሊም ነበሩ፤ የተጠመቀው አባቱ ታደሰ ነው። ሓየሎም ይህን ከሰማ ጥሎን ይሄዳል፣ የልጄም ሰርግ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። የኤርሚያስ የአጎት ልጅ ጣይባ ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ለሓየሎም «ጎረቤታችን ናት» ብዬ ነበር ያስተዋወቅኳት።

«ኣሪያም፣ ኤርሚያስ፣ ታደሰ…» ምላሴ ተሳሰረ። «ገብረሥላሴ» አልኩ። ከዚያ በላይማ አፌ ላይ የመጣልኝን የክርስቲያን ስም ሁሉ ደረደርኩት።

ጣይባ ሻርፗን አስተካክላ፣ «ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ሓየሎም ሊመርቅ እጁን ሲዘረጋ ኣሪያም ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ቆይ አጎቴ፣ እንዳትመርቅ! እማዬ፣ ገብረሥላሴ ማን ነው? ማርቲን ሰው የገዛውን አባቱን ቆጠረ። አንቺ ምንም ያላጠፉትን ቅድመ አያቴን ጣልሻቸው። ስማቸውን በአፍሽ ጥሪ፤ አለዚያ አላገባም።»

ወይ መዋረድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሀሰን» አልኩ። «ሀሰን ይመር። ሙስሊም ነበሩ። አሁን የወጣችው ጣይባም የልጅ ልጃቸው ናት።»

ሓየሎም የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ይነሣል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ነው ብለሽ ኖሯል የምታስቢኝ?» አለኝ። «ደግሞ ሴትዮዋ እዚሁ ተቀምጣ! ሂጂ አምጫት። ያለ እሷ አልመርቅም።»

ነጠላዬን በወጉ ሳላጣፋ ወደ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ሮጥኩ። ጣይባ ሱቋ ደጃፍ ጨርቅ ትለካለች። ኤርሚያስ ታሞ ዓይደር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አብራኝ ወለል ላይ ስታድር የነበረች ሴት ናት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

«ጣይብዬ፣ ይቅር በይኝ። ነዪ፣ አንቺን ነው የሚጠብቁት» አልኳት።

ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች። ከተዋወቅን ጀምሮ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

«ለኣሪያም ብዬ እመጣለሁ፤ የወንድሜ ልጅ ናት» አለች። «እዚያ ስንደርስ ግን ማን ናት ብለው ነው የሚያስገቡኝ፣ ወይዘሮ ኣስካል?»