ያልተጠረገው መጋጠሚያ

ኧርነስት ብራምሊ በእንግሊዝ አገር፣ በሃሊፋክስ ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲያሞቅ የኖረ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ግን የገዛ ቤቱ ማሞቂያ ተጫወተበት። ጠዋት ጠዋት፣ ሙቅ ውሃ እየዞረባቸው ክፍሎቹን የሚያሞቁት ራዲያተሮች በድን ሆነው ያገኛቸዋል፤ ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር ላይ፣ አንድ ተኩል ቁጥር ላይ መቆም የሚገባው የግፊት መለኪያ መርፌ ከግማሽ በታች ወድቋል። ከቦይለሩ ሥር ያለችውን የውሃ መሙያ ከፈት አድርጎ መርፌውን ወደ ቦታው ይመልሳል። በማግስቱ ያው ነው።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ጥፋተኛ ባለው ሰው ላይ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ፈርዶበታል፦ ቦይለሩን የገጠመው፣ ሙያውን ከእሱ የተማረው ልጁ ማልኮም ነው። ፍርዱም እቤት አልቀረም። ሐሙስ ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ቢራ በሚጠጡበት ክበብ፣ «ልጄን ቦይለር ግጠምልኝ ብለው ወንፊት ሰቅሎልኝ ሄደ» አለ። ሳቁ። ከአንዱ አንዱ እየተቀባበለው፣ በዓመቱ ማልኮምን ለሥራ የሚጠራው ሰው ጠፋ። ልጁ ኒውካስል ሄዶ የዕቃ ማድረሻ መኪና መንዳት ጀመረ፤ ወደ አባቱ መደወልም ተወ።

ዘንድሮ በኅዳር፣ ሚስቱ ዊኒ ካፖርቷን እንደለበሰች ቁርስ ቀረበች።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቤት ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እፈትሸዋለሁ።»

«እንግዲያው የሰው ቤት ነው በለው።»

ተነሥቶ ፍተሻውን ጀመረ። ቤቱ ሲሞቅ መርፌው ሽቅብ አይዘልም፤ ስለዚህ ውሃው ሲያብጥ የሚቀበለው የአየር ቋት ደህና ነው። ትርፍ ውሃ ወደ ውጭ በሚጥለው ቱቦ አፍ ላይ ፌስታል አሰረ፤ ጠብታ አልተገኘበትም። የቀረው አንድ ነገር ነው። በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ቦይለሩን አጠፋ፣ መርፌውን አንድ ተኩል ላይ አቆመ፣ ቦይለሩን ከቤቱ ቱቦዎች የሚለዩትን ሁለት መዝጊያዎች ጥርቅም አደረገ። መርፌው ከወረደ ጥፋቱ የቦይለሩ፣ ማለትም የማልኮም ነው። ካልወረደ ወለሉ ሥር ያለው ቱቦ ነው። እሱን ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በፊት የዘረጋው ኧርነስት ራሱ ነው።

የከሰዓቱ ሻይ ሲፈላ ሄዶ አየ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። መዝጊያዎቹን ሲከፍታቸው ግን ዓይኑ እያየ ወረደ።

ዊኒ ብቅ ብላ መርፌውን አየችና ወደ ሻይዋ ተመለሰች። የባሰበት ይኼ ነው።

የመዳብ ቱቦ ሲበየድ፣ ብየዳው እንዲይዝ ቅባት ይቀባል። ብየዳው እንዳለቀ ቅባቱን በጨርቅ መጥረግ ነው፤ ከተተወ እያደር መዳቡን ይበላዋል። ኧርነስት ይህን ለማልኮም ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ እስኪሰለቸው ነግሮታል። የኮሪደሩን ጣውላ ሲያነሣ፣ ሁለት ቱቦዎች የተበየዱበት መጋጠሚያ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ጠብ ጠብ ይላል። አጠገቡ ባለው እንጨት ላይ፣ የሙያው ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ስምና ቀን በእርሳስ ተጽፏል፦ ኧ. ብራምሊ፣ ዓርብ። በዚያ ዘመን ክበቡ የሚሄደው ዓርብ ዓርብ ስለነበር፣ ሥራውን ለመጨረስ ይቸኩል ነበር።

ደወለ።

«ማልኮም፣ ወለሉ ሥር ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«እና አትናገርም?»

«ነገርኩህ እኮ። ከቦይለሩ ወዲያ ያለው የኔ የእጅ ሥራ ነው፣ እንዳትነካው አልከኝ።»

«ና እስቲ፣ አብረን እንበይደው።»

«በምን? መሣሪያዎቼን ሸጥኳቸው።»

«ያን እኔ የሰጠሁህን ቦርሳም?»

«ከነቦርሳው።»

መጋጠሚያውን ብቻውን ቀየረው። ሦስቴ በጨርቅ ጠረገው። ሐሙስ ክበብ ሄዶ፣ ብርጭቆውን ሳይነካ ቆሞ ተናገረ።

«ስሙኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። የማልኮም ሥራ እንከን የለውም።»

የድሮ ጓደኛው ሬጂ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አይ ኧርነስት፣ ደግ አባት ነህ። እኔም ብሆን ለልጄ እሸፍንለት ነበር።»

«እየሸፈንኩለት አይደለም።»

«ገብቶናል፣ ገብቶናል። ለመሆኑ ወንፊቱ እንዴት ነው?»

ሳቁ፣ እንደ ያኔው።

እቤቱ ሲገባ ሙቀቱ ተቀበለው። መርፌው አንድ ተኩል ላይ ቆሟል። ዊኒ ካፖርቷን አውልቃ ተቀምጣለች።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ። አላመኑኝም።»

«ያኔ ግን አምነውህ ነበር» አለችው።