ሽማግሌ የተላከበት ቼክ

የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ኃላፊ ራኬብ የመምህራኑን የመጨረሻ ደሞዝ ቼኮች እየፈረመች ሳለ ሁለት ሽማግሌዎች ከረባት አስረው ቢሮዋ ገቡ። ታከር ከተማ ያለው ቻርተር ትምህርት ቤት ዓርብ ይዘጋል፤ በውል ገንዘብ የሚሰጠው የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ውሉን አላድስም ብሏል። ትልልቁ ወንበር ተጭኖ ስላለቀ ሁለቱም የአንደኛ ክፍል ልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ለልመና ነው የመጣነው" አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር።

"ለጋብቻ ከሆነ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ኧረ ተይ! የአባትሽ ጉዳይ ነው።"

አባቷ አቶ ሙላው አምና የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ሊቶኒያ ያለውን ቤታቸውን ባንክ አስይዘው ለትምህርት ቤቱ ሠላሳ ሺህ ዶላር አበድረዋል። ውል አልተጻፈም። አብሯቸው የሚያስቀድሰውን የቦርድ ሊቀመንበር "ፈርምልኝ" ማለት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ራኬብ ያኔ ጮኻ ነበር፤ ማን ሰምቷት!

አቶ ሕሩይ ከኪሳቸው አንድ ቼክ አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። "ሊቀመንበሩ ፈርመዋል። ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። አካውንቱ ሳይዘጋ ለአባትሽ ይከፈል። ማን ያያል?"

"ኦዲተሩ ያያል። እሱ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።" ቼኩን በጣቷ ገፋችው። "ጋሼ ሕሩይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገንዘቡ በተራ ነው የሚወጣው። ከካውንቲው ጋር ባለን ውል መጀመሪያ የመምህራን ደሞዝና ታክስ፣ ከዚያ ሌላው ገንዘብ ጠያቂ ሁሉ እኩል። ምሳ የምታቀርብልን ሴትዮም እየጠበቀች ነው። እዚህ የሚፈርምላት ልጅ ስለሌላት ትቅር?"

"አባት እኮ ነው! ቤቱ ሊወሰድበት ነው!"

"ለዚህ ነው የማልፈርመው። ዛሬ ሰርቄ ብሰጠው ነገ ፍርድ ቤት ከእጁ ይነጥቀዋል፤ እኔም እከሰሳለሁ።"

አቶ ገብረእግዚአብሔር አንገታቸውን ነቀነቁ። "ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም።"

"አትመለሱም።" ቼኩ ላይ በትልልቁ "ተሰርዟል" ብላ ጻፈች፤ በስልኳ ፎቶ አነሳችውና መልሳ አስያዘቻቸው። "ለሊቀመንበሩ ስጡልኝ።"

የቀሩትን የመምህራን ቼኮች ፈርማ ካዝና ውስጥ ቆለፈችና ወጣች። አባቷ ፓርኪንጉ ላይ፣ መኪናቸው ውስጥ ነበሩ።

"ፈረምሽ?"

"አልፈረምኩም።"

"ሽማግሌ ረገጥሽ! እኔን አዋረድሽኝ!"

"አባዬ፣ ብሩን በባንክ አይደል ያስገባኸው?"

"በባንክ ነው።"

"እሱ ማስረጃ ነው። እንደ ማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ ‘ያበደርኩት ይከፈለኝ’ ብለህ ክሌም ታስገባለህ።"

"ሊቀመንበሩን ልክሰስ? እንደ ወንድሜ የማየውን? እሁድ ቤተክርስቲያን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

"ባንኩ ቤትህን ሲወስደውስ በምን ዓይንህ ታየኛለህ?" የሹፌሩን በር ከፈተች። "በል ውረድ፣ እኔ ልንዳ። ዲኬተር ከተማ ያለ ጠበቃ ጋ አፖይንትመንት አለህ።"

"መቼ ያዝሽው?"

"ካውንቲው አላድስም ያለ ቀን።"

አቶ ሙላው በረዥሙ ተነፈሱ። ወርደው ዞሩና በሌላኛው በር ገብተው ቀበቶ አሰሩ። መንገዱ ላይ ጥቂት እንደሄዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

"አብረሽኝ ትገቢያለሽ?"

"አልገባም። እኔ የትምህርት ቤቱ ፈራሚ ነኝ፤ አንተ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ገንዘብ ጠያቂ። እስክትወጣ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ።"