የተማሪው ፊርማ

ሐኪሙ በቀን ስልሳ ጊዜ ይፈርማል። ማዘዣ ላይ፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ፣ የሕመም ፈቃድ ላይ፣ አንዳንዴም ነርሷ መንገድ ላይ አስቁማው ግድግዳ ተደግፎ። አራት ዓመት እንዲህ ሲሠራ ፊርማው እየከሳ ሄዶ አንዲት ሰረዝና አንዲት ነጥብ ብቻ ቀሩ። እሱ ግን ልብ አላለውም፤ ማን የራሱን ፊርማ ያያል?

ሐኪሙ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እምቢ ማለት። መርዶ ሲናገር ድምፁ የማይንቀጠቀጥ ሰው፣ ዘመድ “አንድ ነገር ላስቸግርህ” ሲለው ምላሱ ይተሳሰራል። ዘመዶቹ ደግሞ ዶክተር ማለት ገንዘብ የሚታተምበት ቤት ይመስላቸዋል። ደመወዙን በቁጥር ቢነግራቸው እንኳ “ድህነት ያምርበታል” ብለው ሳቁበት። እናም ለአንዱ ሠርግ፣ ለሌላው ጣሪያ፣ ለሦስተኛው ጥርስ ሲሰጥ ኖሮ የተረፈችው አንዲት የቁጠባ ደብተር ናት። ተማሪ ሳለ ከፍቷት ከአፉ እየነጠቀ ያጠራቀመባት። በሚቀጥለው ወር የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ሲጀምር ደመወዙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ኪራዩን የምትሸፍንለት እሷ ናት። እሷ ከሌለች ሥልጠናውም የለም።

ባለፈው እሁድ አጎቱ ደወሉ። አጎቱ አርባ ዓመት የሰው መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። አባቱ ሲሞት አሳድገው ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

“ሚኒባስ ተገኝቷል” አሉ። “ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አንተ። የራሴን መሪ ሳልጨብጥ ልሙት እንዴ? ደግሞ ለአንተ ምን አላት፣ ዶክተር አይደለህ?”

ሐኪሙ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን “እሺ፣ ጋሼ” ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባንክ ቤት ተገናኙ። አጎቱ ኮት ለብሰው፣ ጫማ አስጠርገው ነው የመጡት። በር ላይ ጥበቃው መዝገብ ሲዘረጋላቸው የታወቀውን ፊርማቸውን አኖሩበት፦ በመጀመሪያ መሪ የሚያክል ክብ፣ ከዚያ ገጹን አቋርጦ የሚሄድ ጅራት።

ሐኪሙ የገንዘብ ማውጫውን ቅጽ ሞልቶ ፈረመና ከቁጠባ ደብተሩ ጋር አቀበለ። ገንዘብ ከፋይዋ ቅጹን አየች፣ ከመሳቢያ ያወጣችውን ያረጀ የፊርማ ናሙና ካርድ አየች፣ እሱን አየች።

“ይሄ የእርስዎ ፊርማ አይደለም።”

“የኔ ነው።”

“ይቺ ሰረዝ ናት” አለችው በትሕትና።

ባዶ ወረቀት ሰጠችው። ሞከረ፤ ሰረዝ። አሁንም ሞከረ፤ ሰረዝና ነጥብ። በሦስተኛው ላብ ላብ አለው፤ ሳያስበው ከሥሩ “በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ” ብሎ ሊጨምርበት ሲል እጁን ሰበሰበ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ይቅርታ ይደረግለትና፣ ሐኪሙ በሆዱ ደስ ብሎታል። እሱ ማለት ያልቻለውን “እምቢ” ባንኩ እያለለት ነው።

አጎቱ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚመለሱ ሰው አይደሉም። “እስቲ ካርዱን አሳዪኝ፤ እኔ አስታውሰዋለሁ” ብለው መነጽራቸውን ሰኩ። ገንዘብ ከፋይዋ ከመስታወቱ ጀርባ ካርዱን ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው።

በካርዱ ላይ መሪ የሚያክል ክብና ረጅም ጅራት አለ።

“ይሄማ የኔ ነው” አሉ አጎቱ።

“ያን ጊዜ ፊርማ አልነበረኝም” አለ ሐኪሙ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። “የማውቀው የእርስዎን ነው። በየዓመቱ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ሲፈርሙ የማየውን።”

አጎቱ ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። ከፊርማው በላይ፣ የቁጠባው ምክንያት በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ በተማሪ ጥንቁቅ እጅ “የቀዶ ሐኪም ለመሆን” የሚል ተጽፏል።

“ሆነሃል አይደል?”

“አልሆንኩም፣ ጋሼ። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ሥልጠናው በሚቀጥለው ወር ነው።”

“ደመወዙስ?”

“ግማሽ።”

“እና በምን ልትበላ ነው?”

ሐኪሙ ደብተሩን አየ። አጎቱም ደብተሩን አዩ።

“ጋሼ” አለች ገንዘብ ከፋይዋ፣ “እርስዎ አንድ ጊዜ ቢያሳዩዋቸው እኮ ይይዙታል።”

አጎቱ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉና አንዲት ጎባጣ ሰረዝ አሰመሩ።

“እርጅና” አሉ። “እጄ ረስቶታል።”

ከዐሥር ደቂቃ በፊት በር ላይ የፈረሙት ገና አልደረቀም።

“መታወቂያ ካላቸው ናሙናውን መቀየር ይቻላል” አለች ልጅቷ።

“ነገ ብቻውን መጥቶ ይቀይር” አሉ አጎቱ። “ከዘመድ ጋር ከመጣ ግን እንዳትቀይሪለት፣ የኔ ልጅ። ማንም ይሁን።”

ሲወጡ አጎቱ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ጥግ ላይ ቆመው፣ አንድ አዲስ ነጭ መኪና እስኪያልፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኙ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱና የተጣጠፈ ብር አውጥተው በሐኪሙ መዳፍ ላይ አኖሩ፣ ልክ ትምህርት ቤት ሲሸኙት እንደሚያደርጉት።

“ለታክሲ” አሉት። “ተማሪ ነህ።”

ሐኪሙ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ።

“እሺ፣ ጋሼ” አለ።