የትንኞቹ ምርጫ

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ወንፊት» የሚለው የመስኮት ወንፊት ሠራተኛ አንድ ዓመል አለው፤ ሳያስሞክር አይቆርጥም። በየመስኮቱ የተለያየ ናሙና በትንንሽ ምስማር ይመታና «ይደር፤ ትንኞቹ ራሳቸው ይመርጡልሻል» ብሎ ይሄዳል። ደንበኛው ቢቸኩል ደንታም የለው።

የዛሬዋ ደንበኛው ግን ቸኩላለች። ጨቅላ ልጇ ከስንት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ የመጣች ናት። ስትወለድ ትንፋሽ ስላልነበራት አዋላጇ በጨርቅ ሸፍና ወደ ጎን አድርጋት ነበር። ኋላ ጨርቁ ሲነሳ ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች፤ ሳታለቅስ፣ ዝም ብላ። ሐኪሙ ትኩሳት እንዳያገኛት ጠብቂያት ስላላት እናት ትንኝ ባየች ቁጥር ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። ሹፌሩ ባሏ ደግሞ ነገር ማቅለል ይወዳል። በር ላይ ቆመን መታወቂያ እንጠይቃቸው እያለ ያሾፍባታል።

ጋሽ ወንፊት ማድ ቤት ቀዳዳው ሰፋ ያለ ፕላስቲክ፣ ሳሎን ናይለን፣ የባልና ሚስቱ መኝታ ቤት አሉሚኒየም መታ። ለልጅቷ ክፍል ከሁሉ የደቀቀውን ጥቁሩን አደረገ። ጥቁር ወንፊት ዓይን አይጋርድም፣ ውጭውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል አላት።

ጠዋት ዞራ አየች። በሌሎቹ መስኮቶች ትንኙም የእሳት ራቱም ከውጭ ተለጥፎ መግቢያ ይፈልጋል። የልጅቷ ክፍል ውስጥ ግን ከውስጥ በኩል ነበሩ። አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ ጭንቅላታቸውን በቀዳዳው ለማሾለክ ይታገላሉ። ሁሉም ለአልጋው ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ልጅቷን አገላብጣ አየቻት፤ አንድም ቦታ አልተነከሰችም። ደስ ሊላት ሲገባ እየሮጠች ባሏን ጠራች።

ባሏ፣ ገብተው መውጫ ጠፍቷቸው ነው ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ጋሽ ወንፊት ተጠርቶ መጣ፤ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ፤ ክፍተት የሚባል የለም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትንኝ ከገባ ወደ ሰው ነው የሚሄደው» አላት። «ከሰው ሲሸሽ ግን አይቼ አላውቅም።»

ክፍሉ ነው አለች ለራሷ። ክፍሉ የሆነ ነገር አለበት። ያኑ ቀን የልጅቷን አልጋ እየጎተተች ወደ እነሱ መኝታ ቤት አመጣችው። ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላትና እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

ሲነጋ ዓይኗን ሳታሽ የሮጠችው ወደ ባዶው ክፍል ነው። እዚያ ትንኞቹ እንደ ወጉ ከውጭ ተለጥፈዋል። ተመስገን ብላ ተመለሰች። መኝታ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ባሏ መጋረጃውን ገልጦ ድርቅ ብሏል። አሉሚኒየሙ ከውስጥ በኩል በትንኝ ጠቁሯል። ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታ፣ ነቅታ፣ ትንኞቹን በዝምታ ትመለከታለች።

ለካ ክፍሉ አልነበረም።

ቀልደኛው ባሏ ቀልዱ ጠፋው። እናቴ ጋ ደርሼ ልምጣ አለ። ደርሶ ለሚመጣ ሰው በሻንጣ ያጨቀው ያ ሁሉ ልብስ ምን ያደርግለታል? ልጅቷን ሳይስም ወጣ። እሷም አልለመነችውም። ከእሱ እኩል ፈርታለች፤ የልጅቷን ዓይን ትክ ብላ ለማየት እንኳ አቅም አንሷታል። ግን ልጇ ናት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወንፊት የትኛውን መረጥሽ ብሎ መጣ። ለሌሎቹ መስኮቶች ሁሉ ጥቁሩን አለችው።

«ለዚህኛውስ?» አለ፣ መኝታ ቤቱን ከበር ሆኖ እያየ። ወደ ውስጥ አልገባም።

«እሱን ይንቀሉልኝ ጋሼ። መውጣት የፈለገ ይውጣ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሰውዬው እንደ ምንም ገብቶ ምስማሩን ሲነቅል ትንኞቹ በጆሮ ግንዱ በኩል ግር ብለው ወጡ። እሱም ዕቃውን ሰብስቦ ተከተላቸው። እሷ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷን አቀፈቻትና ጡቷን ሰጠቻት።