በልጄ ፋንታ

ኢዶሳ ሆርዶፋ በ1978 ዓ.ም. ከጌዶ ወጥቶ ቅየሳ ሊማር አምቦ አጠገብ ሲመደብ፣ ኮሌጁ የጦር ሠራዊቱ ንብረት ሆኖ አገኘው። ሲቪል ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ትምህርቱን ከወታደሮቹ ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግን በሹራብና በሸራ ጫማ ከሰልፉ ጫፍ ይቆማሉ፤ "ቀኝ ዙር!" ሲባል ግማሾቹ ወደ ግራ ይዞራሉ። ሰልፈኛው ሳቁን ለማፈን ጥርሱን ይነክሳል።

ሰኔ ላይ ኢዶሳ ያለችው አንዲት ሹራብ ታጥባ አልደርቅ አለች። የክፍል ጓደኛው ሃምሳ አለቃ ቱፋ፣ "በብርድ ከምታልቅ ይሄን ልበስ" ብሎ ካፖርቱን አዋሰው። ቅዳሜ በዚያው ካፖርት ገበያ ወጣ። ሌታ የሚባል የጌዶ የከብት ደላላ ከሩቅ አየውና ወሬውን ይዞ አገሩ ገባ።

"ልጅህ ወታደር ሆኗል፤ በወታደር ካፖርት በዓይኔ በብረቱ አየሁት" አለው ለአባቱ።

ጊዜው ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ነበር። ኦቦ ሆርዶፋ ሰኞ ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ አውቶቡስ ተሳፈረ። የኮሌጁ ዘበኛ ወደ ተማሪዎች ኃላፊው፣ ወደ ሻምበል ወልደሰንበት ቢሮ አስገባው።

"ጌታዬ፣ ያለ እሱ ልጅ የለኝም" አለ ሳይቀመጥ። "ሰው ከጎደላችሁ በልጄ ፋንታ እኔ አለሁ።"

ሻምበሉ ነገሩ አልገባውም። "ዕድሜዎ ስንት ነው፣ አባቴ?"

"አርባ።"

ሻምበሉ ሽበቱን አየ። "አርባ?"

"አርባ ካለፈኝ ትንሽ ቆይቷል።"

"ተኩስስ ይችላሉ?"

"ጅብ ገድያለሁ።"

"በምን?"

"በጦር።"

ሻምበሉ ስለ ልጁ ጠይቆ ስሙን ሲሰማ ስህተቱ ገባው። ኢዶሳን አስጠራ። ልጁ ማስመሪያና የካርታ ጥቅል ታቅፎ፣ የደረቀች ሹራቡን ለብሶ ገባ።

"ኢዶሳ ኮ፣ የኔ ልጅ!" ብሎ አባቱ ተጠመጠመበት። ከዚያ ገፋ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየው። "ካፖርቱስ?"

"የቱፋ ነው፣ አባባ። ብርድ ሆኖብኝ ተውሼ ነው።"

ሻምበሉ አባቱ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ነገረው። ኢዶሳ አንገቱን ደፋ። የአባቱን እጅ ያዘ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ መመገቢያ አዳራሽ ደርሷል። ኦቦ ሆርዶፋ ሲገባ ወታደሩ ሁሉ ብድግ አለ። እሱም ደንግጦ እያንዳንዱን "አካም፣ አካም" እያለ እየጨበጠ ሰላም ሲል ወጡ ቀዘቀዘ። ቱፋ ራሱ ውሃ አስታጠበው። ሁለት ጊዜ ተጨመረለት፤ "መንግሥት እንዲህ ያበላል እንዴ?" አለ።

አመሻሽ ላይ ኢዶሳ ሊሸኘው መንገድ ዳር አብረው ቆሙ።

"ነገሩ የምር ቢሆን ኖሮ ሻምበሉ ይቀበለኝ ነበር?"

"አይመስለኝም፣ አባባ።"

"ለምን? ምን ጎደለኝ?" ኦቦ ሆርዶፋ ከልቡ ተቀየመ።

ኢዶሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባትየው አውቶቡስ ላይ ወጥቶ እንኳ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ጉልበቱ ገና እንዳልደከመ እየማለ ሄደ።