እንግዳ ሳይቀምስ

አሮጊቷ ማሂን ኻኑም ሳህኑን በጣታቸው ጫፍ ገፉት። እርጎ የፈሰሰበት ሩዝ ነው፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ ሳይነካ ሊመለስ ነው።

ነርሷ ሀኒ በሩ ላይ ቆማ አየች። «ዛሬም ሪፊዩዝ ካደረጉ ሆስፒታል ነው የሚላኩት። በአፍንጫቸው ቱቦ ሊገባ ነው።»

«አይላኩም» አለች ፅጌረዳ።

እልኸኛ ናት። አሮጊቷ በእርጅና እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው ፋርስኛው ብቻ ሲቀርላቸው፣ እዚህ ዌስተን ባለው የአረጋውያን መኖሪያ የሚያናግራቸው ሰው ታጣ። ስለዚህ ተንከባካቢያቸው ፅጌረዳ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከስካርቦሮ፣ በሚያመጣት አውቶቡስ ላይ በጆሮ ማዳመጫ የተቀዳ ትምህርት እየሰማች ፋርስኛ መማር ጀመረች። ዛሬ ጠዋት «ማስገደድ» እና «መፍቀድ» የሚሉት ግሦች ላይ ደርሳለች። «አስገድዳለሁ» ካሉ በኋላ፣ አለች አስተማሪዋ፣ የሚከተለው ግሥ ገና ያልተፈጸመ ሆኖ ነው የሚነገረው፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ፅጌረዳ አልገረማትም። በእኛም «እንዲበሉ አደርጋለሁ» ማለት በልተዋል ማለት አይደለም።

መንገዱን ሙሉ ያጠናችውን በፋርስኛ አለቻቸው፤ «እንዲበሉ ላግዝዎ፣ ይፍቀዱልኝ።»

ማሂን ኻኑም ፈገግ አሉ። ሰምተዋታል። ሳህኑን ግን እንደገና ገፉት።

ወዴት ነው የሚገፉት? ወደ ጠረጴዛው ዳር አይደለም፤ ወደ እሷ ነው። እሷ ደግሞ ጓንት አጥልቃ፣ ማንኪያ ይዛ፣ ባዶ ሆዷን ፊታቸው ተገትራለች። ቤታቸው የመጣ እንግዳ ሳይቀምስ እንዴት ይጉረሱ? ወይ እኔ ነፈዝ፣ አለች በልቧ። እናቷ ቦጋለችስ እንግዳ ካልቀመሰ መቼ እህል ይወርድላት ነበር? ሁሉም እምቢታ ያሉት ነገር ለካ ግብዣ ኖሯል። በራሷ ተናደደች።

የነዋሪ ምግብ ለሠራተኛ ክልክል ነው፤ ከሥራ ያስባርራል። ፅጌረዳ ጓንቷን አወለቀች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከሳህኑ አንድ ማንኪያ ወስዳ በላች። ሀኒ አየቻትና ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዞረች።

ፅጌረዳ በሌላ ንጹሕ ማንኪያ ሩዙን ዘግና ዘረጋች። «መርጌ መን» አለች። በሞቴ ማለት ነው፤ ልጃቸው በስልክ ስትለምናቸው የሰማችው ነው።

ማሂን ኻኑም ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ሲውጡ ፅጌረዳም አብራ ዋጠች። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። በቃኝ ማለታቸው ነው።

አንድ ጉርሻማ አያተርፋቸውም። ፅጌረዳ ሁለተኛውን ሞላች። የሚባለውን ታውቀዋለች፤ በፋርስኛ ግን ፈልጋ አጣችው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለቻቸው በአማርኛ።

አሮጊቷ ትክ ብለው አይዋት። ከዚያ ሳህኑን በጣታቸው ጫፍ ወደ እሷ ገፉት።

«ብዪላቸዋ» አለች ሀኒ ከበሩ፣ ኮሪደሩን እየጠበቀች።